ሲሮጡ የታጠቁት እንዳይሆን፦ ለወታደር ቤተሰብ የአነስተኛ ንግድ አጀማመር

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ይህ ብሂል ትጥቁን ሳያጠብቅ ለሚሰለፍ ወታደር ብቻ ሳይሆን፣ ሒሳቧን ሳታሰላ ንግድ ለምትጀምር ባለቤቱም የተነገረ ያህል ነው። በየጦር ሠፈሩ የሠራዊቱ አባላት ባለቤቶች እንጀራ ጋግረው፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው፣ ሻይ ቡና አፍልተው ቤታቸውን ሲደግፉ እናያለን። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዱ እየጠነከረ ሲሄድ አንዳንዱ ግን የወር ደመወዙን ጭምር እየበላ ይከስማል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከሙያ ማነስ ሳይሆን ከአጀማመሩ ነው። ስለዚህም በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን እንጀራ ጋግሮ መሸጥን በምሳሌነት ይዘን የአጀማመሩን ደረጃዎች እንመለከታለን።

አንደኛ፦ እውነተኛውን ወጪ ማወቅ

አንዲት ባለሙያ 25 ኪሎ ዱቄት አቡክታ 100 እንጀራ ታወጣለች እንበል። ከዚህ ቀጥሎ የምንሰጣቸው ቁጥሮች ለማስሊያ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ዱቄቱ 2,500 ብር፣ ማገዶው ወይም መብራቱ 250 ብር፣ ማጓጓዣው 100 ብር ቢሆን ድምሩ 2,850 ብር ነው። ይህንኑ ለ100 ስታካፍለው አንዱ እንጀራ በ28 ብር ከ50 የወጣ ይመስላታል፤ በ33 ብር ስትሸጠውም ያተረፈች መስሏት ትደሰታለች።

ነገር ግን የራሷ ድካም 400 ብር፣ የምጣዱ እርጅና 50 ብር አልተቆጠረም። ሁለቱ ሲጨመሩ ወጪው 3,300 ብር ይሆናል። አራት እንጀራ ተበላሽቶ ወይም በቤት ተበልቶ ለገበያ የሚወጣው 96 ብቻ ከሆነ፣ በ33 ብር ሒሳብ የሚገባው 3,168 ብር ነው። ስለዚህ አተረፍሁ ያለችው እመቤት በያንዳንዱ ቡኮ 132 ብር ትጎድላለች፤ የሚጎድለውም ከገዛ ጉልበቷ ነው። በ38 ብር ብትሸጠው ግን 3,648 ብር ገብቶ 348 ብር ይተርፋታል። ገበያው 38 ብር የማይከፍል ከሆነ ወጪው መቀነስ አለበት፤ አለዚያም ሌላ ሥራ መፈለግ ይሻላል።

ወጪን ለመቀነስ አንዱ በር ማገዶ ነው። በ1980ዎቹ በአገራችን የተዘጋጀውና ከሲሚንቶ ድብልቅ በክፍል በክፍል ተቀርጾ የሚገጣጠመው «ምርት» የተባለው የእንጀራ ምድጃ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ወጪ ወደ ግማሽ ያህል የሚቀንስ ነው።

ሁለተኛ፦ የመነሻ ገንዘብ

ዕቁብ የቆየ ወዳጃችን ነው። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣው 10,000 ብር ይሆናል። መጀመሪያ የወጣላት እመቤት ያለ ወለድ ተበድራለች ማለት ነው፤ 19 ሳምንት ትከፍላለች። መጨረሻ የወጣላት ግን የቆጠበችውን ነው የተቀበለችው። ስለዚህ ዕጣው ቀድሞ ቢደርስ፣ የሚቀጥለው ጥሎሽ ገና ካልተወለደው ትርፍ ሳይሆን ከታወቀ ገቢ የሚከፈል መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ከ1988 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የተስፋፉት የአነስተኛ ብድር ተቋማት ንብረት ሳይጠይቁ በቡድን ዋስትና ማበደር የተለመደ አሠራራቸው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠየቅ። የመጀመሪያው ወለዱ የሚታሰበው በመነሻው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ? የሚለው ነው። 12,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ቢበደሩ፣ በመነሻው ላይ ሲታሰብ ወለዱ 1,800 ብር ነው፤ ዋናው ዕዳ በየወሩ እኩል እየተከፈለ በቀሪው ላይ ሲታሰብ ግን 975 ብር ይሆናል። ሁለተኛው፣ ከቡድኑ አባላት የአንዷ ባል ቢዛወር ዕዳዋ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ይህ ከመፈረም በፊት በግልጽ ይነገር።

ሦስተኛ፦ ፈቃድና ውክልና

በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ንግድ የሚካሄደው ጸንቶ በሚቆይ የንግድ ሥራ ፈቃድ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ያስፈልጋል። ለጀመሩት የሥራ ዓይነት ምን እንደሚጠየቅና ግብሩ እንዴት እንደሚታሰብ ከወረዳው የንግድና የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች መጠየቅ ይገባል። በሠፈሩ ቅጥር ውስጥ ለመሸጥ የአዛዡ ፈቃድ ይቅደም፤ በአገልግሎት ላይ ያለው ባል ራሱ በንግድ መሳተፍ ይችል እንደ ሆነም የሠራዊቱን ደንብ ይጠይቅ።

አንድ ነገር በተለይ እናሳስባለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የባልና የሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ባል ወደ ግዳጅ ከሄደ በኋላ ለአንድ ፊርማ ወራት መጠበቅ ሥራውን ይገድላል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ሁለቱ ተመካክረው፣ ወሰኑ በግልጽ የተጻፈ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቢያስመዘግቡ መልካም ነው።

አራተኛ፦ ዱቤና ማዕረግ

በሠፈር ገበያ «ደመወዝ ሲወጣ እከፍላለሁ» የማይቀር ቃል ነው። ዱቤ ፈጽሞ ይከልከል አንልም፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ ይወሰን፣ ቀኑና መጠኑም በመዝገብ ይስፈር። የዱቤው ድምር ከቀጣዩ ዱቄት መግዣ ገንዘብ ከበለጠ ምጣዱ ይቀዘቅዛልና። ማዕረግም ከመዝገቡ ይውጣ፦ የበታቹ ቤተሰብ አዛዡን ፈርቶ እንዲገዛ አይገደድ፣ የበላዩ ቤተሰብም አፍረው ስላልጠየቁት ብቻ ዕዳውን አያቆይ። ከሁሉም በላይ የንግዱ ገንዘብ ከቤት አስቤዛ ገንዘብ በተለየ ዕቃ ይቀመጥ። እመቤቲቱ የድካሟን ዋጋ በተወሰነ ቀን ትውሰድ፤ ከዚያ ውጭ ግን ከሣጥኑ አትቆንጥር።

አምስተኛ፦ ዝውውርን አለመርሳት

የወታደር ቤት ንግድ ከሌላው የሚለይበት ዋናው ነገር፣ የዝውውር ትእዛዝ በማናቸውም ቀን ሊመጣ መቻሉ ነው። ስለዚህ መነሻው ገንዘብ በተቻለ መጠን ተሸክመውት በሚሄዱት ወይም ቶሎ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ይዋል። ምጣድ፣ ሚዛንና ማቡኪያ ይጫናሉ፤ በሰው ግቢ የተሠራ ግድግዳና ለዓመት በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ግን አይጫኑም። የሁለት ቡኮ ዱቄት መግዣ ያህል ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥ፤ በአዲሱ ሠፈር ሥራውን እንደ ገና የሚያስነሣው እርሱ ነውና።

ውድ አንባብያን፣ ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ከላይ የዘረዘርነውን ስሌት በራሳችሁ ሠፈር ዋጋ ሥሩት። ከስሌቱ በኋላ ትርፍ ከቀረ ትንሽ ቡኮ አቡክታችሁ ለአንድ ወር ሞክሩት። ካልቀረም የጠፋባችሁ አንድ ምሽትና አንድ ወረቀት ብቻ ነው።