«መከላከል»፣ «ማስፈራራት» ወይስ «መግታት»? ስለ አንድ የኑክሊየር ስልት ቃል አተረጓጎም

የኑክሊየር ጦር መሣሪያ ያላቸው መንግሥታት መሣሪያውን የያዙበትን ምክንያት ሲያስረዱ ደጋግመው የሚጠሩት አንድ ጽንሰ ሐሳብ አለ። ይኸውም ባላንጣ ጥቃት ቢሰነዝር ከሚያገኘው ጥቅም የሚደርስበት ጉዳት እንደሚበልጥ ተገንዝቦ ከመነሻው እጁን እንዲሰበስብ ማድረግ ነው። እንግሊዝኛው «ዲተረንስ» የሚለውን ይህን ሐሳብ አንዱ ተርጓሚ «መከላከል»፣ ሌላው «ማስፈራራት»፣ ሦስተኛው «መግታት» ሊለው ይችላል። የቃሉ ምርጫ ግን የአንድን አገር ፖሊሲ ትርጉም እስከ መለወጥ ይደርሳል።

በሌሎች ቋንቋዎችም ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የእንግሊዝኛው ቃል ሥር «አስፈርቶ አባረረ» የሚል የላቲን ግሥ ነው። የጀርመንኛው «አብሽሬኩንግ»ም ከማስደንገጥ የወጣ ነው። የፈረንሳይኛው «ዲስዩአዚዮን» በአንጻሩ ሐሳብ ማስለወጥን ያመለክታል። በሶቪየት ዘመን የሩሲያኛ ጽሑፎች ውስጥ «ኡስትራሼኒዬ» (ማስፈራራት) ለምዕራባውያን ስልት፣ «ዝዴርዢቫኒዬ» (ይዞ ማቆም) ለራስ ስልት ሲውል ይታይ ነበር። ስለዚህ ስያሜ ፍቺን ብቻ ሳይሆን ፍርድንም ይሸከማል።

ወደ አማርኛው ስንመለስ፣ «መከላከል» የተሰነዘረን ጥቃት መመከት ነው። መከላከያ ሥራውን የሚሠራው ጥቃቱ ከመጣ በኋላ ሲሆን፣ እዚህ የምንናገርለት ኃይል ግን ተግባሩን ፈጸመ የሚባለው ሳይተኮስ ሲቀር ነው። «ማስፈራራት» ደግሞ ዘዴውን እንጂ ውጤቱን አይገልጽም። በተጨማሪም «ለማስፈራራት ያህል ነው» ስንል ዛቻው እንደማይፈጸም መናገራችን ስለሆነ፣ ተአማኒነትን መሠረት ላደረገ ስልት አይስማማም። «መግታት» የተጀመረን እንቅስቃሴ ማቆም ይመስላል፤ ፈረስ በልጓም ይገታል፣ የሚፈስ ደም ይገታል። ይሁን እንጂ «ምኞቱን ገታ» እንደምንለው፣ ገና ድርጊት ላልሆነ ሐሳብም ያገለግላል።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚያስከትል የሕንድና የፓኪስታን ሁኔታ ያስረዳል። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1998 በግንቦት ወር የኑክሊየር ሙከራ አደረጉ። ሕንድ በ2003 ባወጣችው መመሪያ መሣሪያውን ቀድማ እንደማትጠቀም አስታወቀች፤ ሆኖም በባዮሎጂያዊ ወይም በኬሚካዊ መሣሪያ ከባድ ጥቃት ቢደርስባት በኑክሊየር አጸፋ የመመለስ ምርጫዋን ጠበቀች። በመደበኛ ሠራዊት የምትበለጠው ፓኪስታን ተመሳሳይ ቃል አልገባችም። በ2011 ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፈውን «ናስር» የተባለ ሚሳይል ሞከረች፤ ዓላማውም የሕንድ እግረኛና ታንክ ድንበር እንዳይሻገር ነው። ተርጓሚው ይህን «መከላከያ ሚሳይል» ቢለው አንባቢው ታንክ መመከቻ ብቻ አድርጎ ይረዳዋል። በስልቱ አስተሳሰብ ግን «ናስር» ተተኮሰ ማለት መግታቱ ከሸፈ ማለት ነው።

«ጦርነትን ማስቀረት» ብሎ መተርጎምም ከእውነቱ ይርቃል። በ1999 የተካሄደው የካርጊል ውጊያና በ2025 የታየው የአራት ቀን ግጭት ሁለቱ አገሮች መሣሪያውን ከታጠቁ በኋላ የተከሰቱ ናቸውና።

ከዚህ በመነሣት ጽንሰ ሐሳቡ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «በአጸፋ ሥጋት መግታት»፣ ከዚያ በኋላ በአጭሩ «መግታት»፣ ኃይሉም «ገቺ ኃይል» ቢባል ይሻላል። የባላንጣን መስፋፋት ማጠርን ለሚገልጸው ሌላ ጽንሰ ሐሳብ «መገደብ» ይቆይ። «አጸፋ»ን በ«በቀል» መተካት ስሌትን ወደ ቂም ይለውጣል። የሕንድ መመሪያ የሚጠቅሰው ዝቅተኛ መጠንም «ጥቂት» ማለት አይደለም፤ ለመግታት የሚበቃ ዝቅተኛ መጠን ማለት ነው። በተለይ «ቀድሞ አለመጠቀም» የሚለው ሐረግ «ቀድሞ» የሚለውን ቃል ካጣ፣ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠው ቃል ፍጹም ተስፋ ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ በስሕተት የተሰጠ ተስፋ ደግሞ ከትርጉም ጉድለት ያለፈ መዘዝ አለው።