ቤታችን ካቢናው ነው

እኛ የከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶች ነን። ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ እናመጣለን። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገራችን የሚገባው አብዛኛው የውጭ ዕቃ የሚመጣው በዚያ ወደብ ነው።

በመንገድ ላይ ቤታችን ካቢናው ነው። እዚያው እንተኛለን። ምግባችንን በመኪናው ጥላ ሥር እናበስላለን። እንጀራ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ድርቆሽና በሶ እንይዛለን።

በሰኔ ወር በባሕሩ አካባቢ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አንድ ቀን ጭነን ወደ ጋላፊ ስንመለስ ጎማ ፈነዳ። ጎማውን ስንቀይር ነፋስ ተነሣ። ድስታችንን አሸዋ ሞላው። ሳቅንና በሶ በጥብጠን ጠጣን።

ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ፈላ። ረዳቱ ቸኩሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል፣ «ኧረ ተው!» ብለን እጁን ያዝነው። ክዳኑ በትኩሱ ከተከፈተ የፈላው ውኃ ተስፈንጥሮ ፊት ያቃጥላል፤ ዓይን ያጠፋል። ሞተሩን አጥፍተን እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብለን ከፍተን ውኃ ጨመርን።

የዘር ጊዜ ነበርና ገበሬው ማዳበሪያውን ይጠብቃል። ቢሆንም ጭነት ቢዘገይም ይደርሳል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም። ትራክተር ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ያላችሁም፣ ክዳኑን በትኩሱ አትክፈቱ።