የቡሬው ብርድ በስንት ኮምፕሬሰር ይሠራ?

ከሽንዲና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚመጣው በቆሎና በርበሬ ደረቅ መጋዘን ካገኘ ይበቃዋል። ወተት፣ ሥጋና አቮካዶ ግን ብርድ ይፈልጋሉ። በ2013 ዓ.ም የተመረቀውን የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተስፋ አድርጎ የሚመጣ አቀነባባሪ ቀድሞ ሊተዋወቀው የሚገባ ማሽን ኮምፕሬሰር ነው፤ ከማቀዝቀዣው የመብራት ፍጆታ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነውና።

ኮምፕሬሰሩ ሙቀት ተሸክሞ የመጣውን የአሞኒያ ጋዝ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ወደ ኮንደንሰር ይገፋል፤ ጋዙ እዚያ ሙቀቱን ለውጭ አየር ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል። የሚስብበትና የሚገፋበት ግፊት በተራራቁ ቁጥር ቆጣሪው ይሮጣል። ለወተት አሞኒያው 0 ዲግሪ ላይ ቢፈላ ይበቃል፤ ግፊቱ 4.3 ባር ገደማ ነው። ሥጋ በረዶ ለማድረግ ግን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፤ ግፊቱም 1.2 ባር ብቻ ይሆናል። ኮንደንሰሩ 35 ዲግሪ ላይ ሲሠራ መግፊያው 13.5 ባር ነው። እንግዲህ የወተቱ ጋዝ ሦስት እጥፍ፣ የሥጋው ዐሥራ አንድ እጥፍ ይጨመቃል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ መሳቢያ ቱቦ ማገናኘት ወተቱን የሥጋውን ዕዳ ማስከፈል ነው። መሳቢያቸው ይለያይ፤ የሥጋውም በሁለት ደረጃ፣ መሃል ላይ እየቀዘቀዘ ይጨመቅ።

የእኛ አገር ዋናው ፈተና ግን ጾሙ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሉካንዳ ይዘጋል፤ የሥጋው ክፍል ጭነት ያሽቆለቁላል። አንድ ትልቅ ስክሩ ኮምፕሬሰር ብቻ የገዛ ሰው ያኔ ይጎዳል፤ ማሽኑ በተንሸራታች ቫልቭ ወደ ግማሽ አቅም ሲወርድ ፍጆታው በግማሽ አይቀንስም፤ 60 በመቶና ከዚያም በላይ መብላቱን ይቀጥላል። መጠናቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ኮምፕሬሰሮች ይሻላሉ፦ አንዱ በሙሉ ጭነት ይሥራ፣ ፍጥነቱ የሚቀያየረው ጎዶሎውን ይሙላ፣ የቀረው ይጥፋ። ኦፕሬተሮች «ለማንኛውም» ብለው ሁሉንም በግማሽ ጭነት ሲያስነሱ ግን ንድፉ ዋጋ ያጣል።

ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል። ያኔ ኮንደንሰሩ ወደ 25 ዲግሪ እንዲወርድ ቢፈቀድለት መግፊያው 10 ባር ይሆናል፤ ያለ ተጨማሪ ማሽን የሚገኝ ቁጠባ ነው። በአንጻሩ አየሩ ስስ ስለሆነ በአየር የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር ከባሕር ዳርቻው ስሌት ሰፋ ማለት አለበት።

ልትገዙ ስትነሱ የሙሉ ጭነቱን ፍጆታ ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ፤ የግማሹንም ሻጩ በጽሑፍ ይስጣችሁ።