ጥርስን የሚያነቃንቀው ብርድ ነውን?

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመዘዞ፣ ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ የሚወጣ ሰው ጥርሱ ሲነቃነቅበት «ብርድ ነው የመታኝ» ቢል አያስደንቅም። ዕድሜው የገፋ እንደ ሆነ ደግሞ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። «ነቅለህ ተገላገል» የሚል መካሪም አይታጣም። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይሻላል እንላለን።

የሕፃን ጥርስ ቢወልቅ ተተኪ አለው፤ የአዋቂ ጥርስ ግን የለውም። በገደላማ እርሻ ዳር የበቀለ ዛፍ በየክረምቱ አፈሩ እየታጠበ ሥሩ እንደሚራቆት ሁሉ፣ የአዋቂም ጥርስ ብዙውን ጊዜ የሚነቃነቀው የተተከለበት ድድና አጥንት ስለሚሸሽ ነው። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ የሚቀረው የሚያጣብቅ ቆሻሻ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ሳይጠረግ ሲከርምም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ያን ጊዜ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ሕመሙ እምብዛም ስለ ሆነ ባለቤቱ አይጨነቅም፤ በሽታው ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ አጥንቱን ይበላል። ትንባሆ ማጨስና ያልታከመ የስኳር በሽታ ያባብሱታል። በእንቅልፍ ጊዜ ጥርስን ማፋጨትና ድንገተኛ ምትም ጥርስን ያላላሉ።

አንዳንዶች ድዳቸው እንዲጠነክር ይነቀሳሉ። ንቅሳት የድዱን መቅላት ይሸፍን ይሆናል እንጂ የጠጠረውን ቆሻሻ አያነሣም፤ መርፌው ንጹሕ ካልሆነም ሌላ በሽታ ያመጣል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የጥርስ ሐኪም የጠጠረውን ከድድ በላይም ከድድ በታችም ፍቆ ያነሣዋል። የላላውን ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር ያስረዋል፤ ለሚያፋጭ ሰውም ሌሊት የሚያጠልቀው መከላከያ ይሠራለታል። የጠፋው አጥንት በአብዛኛው አይመለስም፤ የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል። ስለዚህ የመዘዞ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ለሕክምና መሄድ ያለበት ጥርሱ ሲወዛወዝ ሳይሆን ገና ድዱ ሲደማ ነው። በምት የላላ ጥርስ ከሆነ ግን ሳይነካኩ በዚያው ቀን መሄድ ይገባል።

ድዴ ደማ ብሎ ጥርስን መፋቅ መተው ስሕተት ነው። ብሩሽ የለኝም ማለትም ምክንያት አይሆንም፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት መፋቂያ በአግባቡ ከተሠራበት ከብሩሽ እንደማያንስ አመልክቷል። ዋናው ነገር ጫፉን አለስልሶ፣ የድዱን ጠርዝና የውስጡን በኩል ሳይዘልሉ፣ በየቀኑ መፋቅ ነው።

ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፤ ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትገቡ አባት ጥሬውን ትተው ፍትፍት ብቻ ሲሹ ብታዩ፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ድድዎ ይደማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።