ሥጋው ለምን አልበስል አለ?

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ የሕዝብ ተቃውሞ ገጥሞት ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። የቄራው ሥጋ የታሰበው ለውጭ ገበያ ነበር፤ ወሬው ግን አገር ውስጥ ቀረ። ዛሬም ድስት ላይ ሁለትና ሦስት ሰዓት ተጥዶ አልበስል ያለ ሥጋ ሲያጋጥም «ይሄማ የአህያ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህ ወሬ መታረም አለበት። የሥጋ ጥንካሬ ስለ እንስሳው ዓይነት ምንም አይናገርም። የበሬና የአህያ ሥጋን በእርግጠኝነት የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ ለሸማቹ ደግሞ ዋናው መተማመኛ በሕጋዊ ቄራ ተመርምሮ ማኅተም ያረፈበት መሆኑ ነው። ወሬው ሥጋ ሻጩን ከማማቱም ሌላ የቤተሰብን ኪስ ይጎዳል። አንድ ቀን የተጠራጠረ ቤት በሚቀጥለው «ሽንጥ ወይም ጭቅና ካልሆነ አልገዛም» ይላል፤ ያንን ውድ ሥጋ ወስዶ ወጥ ውስጥ ሲከተው ደግሞ እንደ ቡሽ ያደርቀዋል። በርካሹም በውዱም ሥጋ የሚከስረው ሥጋ ሲበስል ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ስላልተነገረው ነው።

ሥጋ በአብዛኛው ውሃና ፕሮቲን ነው። ነገሩ በአብዛኛው የሚዞረው ኮላጅን በሚባል አንድ ፕሮቲን ላይ ነው። ኮላጅን የጡንቻን ክሮች በቀጭን ሽፋን ጠቅልሎ የሚይዝ፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያጣብቅ፣ ጅማትንም ጅማት ያደረገ ነው። ሦስት ረጃጅም የፕሮቲን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠማዘው ይሠሩታል፤ እነዚህ ጥማዞች ደግሞ ጎን ለጎን ተደርድረው በኬሚካዊ ድልድዮች ይያያዛሉ። እንስሳው እያረጀ ሲሄድ ድልድዮቹ እየጠነከሩ ሙቀትንም እየተቋቋሙ ይመጣሉ። የወሎ ገበሬ ለዓመታት አርሶበት፣ አድልቦ ለገበያ ያወጣው በሬ ሥጋ ከወይፈን ሥጋ ይልቅ በእሳት ላይ የሚቆየው ስለዚህ ነው። የኮላጅኑ መጠን ብዙ ላይለያይ ይችላል፤ የሚለየው አያያዙ ነው።

የአካል ክፍሉም ወሳኝ ነው። ወርች፣ አንገት፣ ፍርምባና የቅልጥም ዙሪያ ሥጋ እንስሳው ሲቆምና ሲራመድ፣ ቀንበር ሲጎትት ሥራ የማይፈቱ ጡንቻዎች ስለሆኑ ኮላጅናቸው ብዙ ነው። ጭቅና ከአከርካሪው ሥር ተጋድሞ ብዙም አይሠራም፤ ስለዚህ ለስላሳ ነው፣ ስለዚህም ውድ ነው።

እሳት ሲነካው የሚሆነው እንዲህ ነው። ሥጋው 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ የጡንቻው ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን መልቀቅ ይጀምራሉ። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ኮላጅኑ ራሱ ይሸማቀቅና ጡንቻውን ጨምቆ ውሃውን ያስወጣዋል። በዚህ ሰዓት ድስቱን ከፍቶ የቀመሰ ሰው የሚያገኘው ከጥሬው የባሰ ጠንካራ ሥጋ ነው፤ «የአህያ ነው» የሚባለውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከ70 ዲግሪ በላይ ግን ኮላጅኑ ቀስ በቀስ ጥማዙ ይፈታና ጄላቲን ወደሚባል ለስላሳና የሚሟሟ ነገር ይለወጣል። ለውጡ ሙቀትም ጊዜም ይፈልጋል። ሲጠናቀቅ የጡንቻው ክሮች ይላቀቃሉ፤ ጄላቲኑም በመካከላቸው ገብቶ ያረጥባቸዋል። ለሰዓታት የበሰለ ወርች ውሃውን አጥቶም አፍ ላይ እርጥብ መስሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ጭቅና ግን ወደ ጄላቲን የሚለወጥ በቂ ኮላጅን የለውም፤ ወጥ ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃውን ብቻ ያጣል። እሱ የሚስማማው ለክትፎና ቶሎ ከእሳት ለሚወርድ ጥብስ ነው።

ኮላጅኑ ለመለወጥ ሙቀትም ጊዜም ስለሚፈልግ ሥጋው የሚበስልበት ከተማም ልዩነት ያመጣል፤ ደሴንና ኮምቦልቻን እንውሰድ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው 1,850 ሜትር አካባቢ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በወጡ ውስጥ ያለው ጨውና ሌላው ቅመም ይህን ከፍ የሚያደርገው በጣም በጥቂቱ ነው።

ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ኬሚስቶች በግርድፉ 10 ዲግሪ ሙቀት ሲጨመር የለውጥ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል ይላሉ። በዚህ ስሌት ኮምቦልቻ ላይ 2 ሰዓት የሚፈልግ ሥጋ ደሴ ላይ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ የኮምቦልቻ ሾፌር በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ ያው ሥጋ በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሊበስልለት ይችላል። በሬው አንድ ሆኖ ሳለ የማብሰያ ጊዜው ይለያያል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በቀጥታ ከሰል ይቆጥባል። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ደሴ ላይ ድስቱ እየተንተከተከ ከሆነ 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ በኃይል ቢገነፍልም እዚያው 92 ላይ ነው። ስለዚህ ወጡ አንዴ ከፈላ ከሰሉን ቀንሶ፣ ድስቱን ከድኖ በዝግታ ማንተክተክ ሥጋውን በእኩል ጊዜ ያበስለዋል። ክዳኑን እየደጋገሙ መክፈት ግን ሙቀቱን በእንፋሎት ይወስዳል፤ በጠፋው ውሃ ምትክ የሚጨመረው ቀዝቃዛ ውሃም ድስቱን ወደኋላ ይመልሰዋል።

ፕሬሸር ኩከር የሚያደርገው ከፍታውን ማሸነፍ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ሲያደርግ ደሴ ላይ ውስጡ ወደ 115 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን ወርች ከአንድ ሰዓት በታች ያደርሰዋል። «የምግቡን ኃይል ይገድለዋል» የሚለው ሌላው ወሬ መሠረት የለውም። ብረትና ዚንክ በእሳት አይጠፉም። አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖች በማንኛውም ማብሰል ይቀንሳሉ፤ ወደ መረቁ የሚወጡትን ግን ወጥ ከነመረቁ ስለሚበላ ቤተሰቡ ያገኛቸዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል። የ10 ዲግሪው ስሌት ግምት ነው፤ ኮላጅን ለሙቀት ከዚያ የበለጠ ስሱ ሊሆን ስለሚችል የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት ከተጠቀሰው ሊሰፋ ይችላል። የጥንካሬው ምን ያህሉ ከኮላጅን፣ ምን ያህሉ ከጡንቻው ክሮች እንደሚመጣም ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል፤ መልሱ እንደ ሥጋው ክፍልና እንደ አበሳሰሉ ይለያያል። የእኛ ሥጋ ብዙ ጊዜ በታረደበት ቀን ይሸጣል፤ ሥጋ ደግሞ ከእርድ በኋላ ለሰዓታት ጠንክሮ ይቆያል፣ በቅዝቃዜ ለቀናት ሲቆይም በራሱ ኢንዛይሞች ይለሰልሳል። ስለዚህ ጥንካሬን ሁሉ በኮላጅን ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ለረጅም ጊዜ በፈሳሽ ለሚበስል ወጥና ቅቅል ግን የኮላጅኑ ድርሻ የጎላ ነው።

ገበያ ላይ ይህ እውቀት ወደ ብር ይመነዘራል። ወጥ ሊሠራ የሚሄድ ሰው ሽንጥ አይጠይቅ፤ ወርች፣ ፍርምባ ወይም አንገት ይበቃዋል። አጥንት ያለውን ሥጋ ዋጋ ሲያወዳድር ደግሞ ስሌቱን በሚበላው ላይ ያድርግ፦ ከአንድ ኪሎው 300 ግራሙ አጥንት ከሆነ ዋጋውን ለ0.7 ማካፈል ነው። ውጤቱ ከአጥንት አልባው ካነሰ ትርፉ የገዢው ነው፤ አጥንቱም ለቅቅል ይሆናል። በቅርጫ የደረሰውን መደብ ሁሉንም በአንድ ድስት መክተት ኪሳራ ነው፤ ለስላሳው ለጥብስ፣ ጅማታሙ ለወጥ፣ ቀዩና ጮማ የሌለው ለቋንጣ ይለይ።

ሥጋውንም ማሳነስ ይቻላል። ሥጋ አብሮት ከተበላው ምስር ወይም ሽምብራ ውስጥ ያለው ብረት በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል፤ ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ወርች ከምስር ጋር ተሠርቶ ብዙ አፍ ሲመግብ ቤተሰቡ በብረት በኩል የሚያጣው ከሚመስለው ያነሰ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በየቤቱ ያለ ጥፋቱ ይደፋል፤ የደሴ ሌሊት አቀዝቅዞት ጠዋት የረጋ የቅቅል መረቅ። ያረጋው ሲቀዘቅዝ መልሶ የተያያዘው ጄላቲን ነው፤ መርጋቱ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም። መረቁ ማታ ሳይዘገይ ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ካለም በፍሪጅ ከተቀመጠ፣ ሽታውም ደህና ከሆነ፣ ላዩ ላይ የረጋው ስብ ተገፎ ለሚቀጥለው ወጥ ሽንኩርት ማቁላያ ይሁን፤ መረቁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪፈላ ሞቆ የምስሩ ውሃ ይሁን።