በረዶውን ሳይጎዱ በበረዶ መደሰት

በስዊስ አገር፣ ከፍታው 4,478 ሜትር ከሆነው ከማተርሆርን ተራራ ሥር፣ ዘርማት የምትባል መንደር ትገኛለች። በበረዶ ሸርተቴ ሊጫወት የሚመጣ እንግዳ አውቶሞቢሉን 5 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቴሽ መንደር ትቶ በባቡር ይገባል፤ በዘርማት ውስጥ የሚመላለሱትም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ መኪናዎች ናቸው።

ይህ ልማድ ዛሬ ከጸጥታና ከንጹሕ አየር የሚበልጥ ትርጉም አለው። የዓለም ሙቀት እየጨመረ በመሄዱ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 እና በ2023 ብቻ ከስዊስ የበረዶ ግግር 10 ከመቶ ያህሉ ቀልጦ ጠፍቷል። የሰማዩ በረዶ ሲያንስ በመኪና ይሠራል፤ ይህም ብዙ ውሃና ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጃል።

እንግዲህ በአውሮፓ የምትኖሩ ወላጆች ሆይ፣ በብርድ ወራት ልጆቻችሁ «ወደ በረዶ ውሰዱን» ሲሏችሁ መከልከል አያስፈልግም፤ አካሄዱን ማስተካከል ግን ይገባል። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከጉዞው ስለ ሆነ፣ ከአውሮፕላን ይልቅ ባቡርን ምረጡ፤ ደጋግሞ ከመመላለስም አንድ ጊዜ ሄዶ ሳምንት መሰንበት ይሻላል። የልጅ እግር በየዓመቱ ያድጋልና፣ ጫማውንና ሸርተቴውን ተከራዩ፤ ወይም ከታላቅ ወደ ታናሽ አስተላልፉ። ሸርተቴው የሚቀባው ሰም ፍሎሪን የሌለበት ይሁን፤ ይህ ነገር ከበረዶው ጋር ወደ ምንጭ ይወርዳልና። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽንም ከ2023 ጀምሮ በውድድር ላይ ከልክሎታል።

የሮን ወንዝ የሚነሣው ከዚያው ከስዊስ የበረዶ ግግር ነው። ስለዚህ በረዶውን መጠበቅ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም፤ በቆላ የሚጠጣውንም ሰው ማሰብ ነው።