የማመሳከሪያውን ቍጥር ማለፍ ይገባልን?



የአንድ ጽሑፍ ግልባጭ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ተብሎ ካልተፈረመበት በቀር ማስረጃ እንደማይሆን፥ በመሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም በኢንተርኔት ሲላክ ቼክሰም የሚባል የማመሳከሪያ ቍጥር አለው። አዘጋጁ የፋይሉን ይዘት አስልቶ ቍጥሩን ያወጣል፤ ሻ-256 በተባለው ስሌት ይህ ቍጥር 64 ምልክቶች አሉት። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ ቍጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የሶፍትዌር ማሸጊያውም መሣሪያ የደረሰውን ፋይል ደግሞ አስልቶ፥ ሁለቱ ቍጥሮች ካልተስማሙ ሥራውን ያቆማል።

ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ይህን ፍተሻ የሚያስቀር ትእዛዝ አላቸው፤ በአርች ሊኑክስ የሚሠራበት ሜክፒኬጂ ለዚህ ምሳሌ ነው። እንግዲህ በሰቆጣ ከተማ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለጽሕፈት ቤቱ ፕሮግራም ሲያወርድ ቍጥሩ አልስማማ አለው እንበል። መስመሩ በዋግ ኽምራ ተራሮች መካከል ደካማ ስለ ሆነ፥ እንደገና ማውረዱ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ባለጉዳይም በደጅ ቆሟል። «መስመሩ ነው ያበላሸው» ብሎ ፍተሻውን ቢያልፈው ማን ይፈርድበታል? ችግሩ ግን፥ ፋይሉን መስመር ቢያጐድለውም ክፉ ሰው ቢነካካውም ምልክቱ አንድ መሆኑ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ኮድኮቭ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ድረ ገጽ የሚወርድ አንድ ፕሮግራም፥ ከጥር 23 ቀን ጀምሮ በሥውር እየተለወጠ የተጠቃሚዎችን የምስጢር ቁልፎች ወደ ሌላ ስፍራ ይልክ ነበር። ኩባንያው ነገሩን ያወቀው መጋቢት 23 ቀን ነው፤ ይኸውም አንድ ደንበኛ ያወረደውን ፋይል በጊትሀብ ከተቀመጠው ቍጥር ጋር አመሳክሮ ልዩነት ስላገኘ ነው። እስከዚያው ሁለት ወር አልፎ ነበር።

ስለዚህ በሩ ፈጽሞ ይዘጋ አንልም። አዘጋጁ ፋይሉን አሻሽሎ ቍጥሩን ማደስ የዘነጋ እንደ ሆነ ሥራ ሊቆም አይገባም። ነገር ግን ፈቃዱ ለአንድ ፋይል ብቻ፥ ምክንያቱ ተጽፎና የፈቀደው ሰው ታውቆ ይሰጥ እንጂ፥ ለሁልጊዜ ተከፍቶ የሚቀር አይሁን። የሰቆጣውም ሠራተኛ አስቀድሞ አዘጋጁን በሌላ መንገድ ይጠይቅ። ፋይሉ ከባድ ቢሆንም፥ 64ቱ ምልክቶች በአጭር የስልክ መልእክት ይደርሳሉ። ማኅተሙ የተነካ ደብዳቤ የደረሰው ሰው፥ ላኪውን ሳይጠይቅ እንደማይሠራበት ሁሉ፥ እርሱም እንዲሁ ያድርግ።